ለሞኖፖድ የትኛው ራስ ይሻላል? ከጣና ዳር የተጻፈ ንጽጽር

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ አካባቢ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ደንገሉ ዳር የቆመ ሰው አንድ ወፍ ሳያይ አይመለስም። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ከውኃው ጥቂት ሜትር ከፍ ብሎ፣ ክንፉን እያርገበገበ በአንድ ቦታ ይንጠለጠላል። ምንቃሩን ቁልቁል ደፍቶ ውኃውን ያጠናል፤ ከዚያ እንደተለቀቀ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከመንጠልጠሉ እስከ መጥለቁ ያለው እንቅስቃሴ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ነው። ይህን ወፍ በ400 ሚሊሜትር ሌንስ ተከትሎ ለማንሳት የሞከረ ሰው፣ ሞኖፖድ በሚባለው ባለ አንድ እግር ዘንግ አናት ላይ ካሜራውን ለመያዝ የሚታሰረው ራስ ለምን እንደሚጠቅምና የትኛው ዓይነት እንደሚሻል በአንድ ጠዋት ይገባዋል።

ባሕር ዳር ውስጥ ወፍ፣ ሠርግ፣ ጥምቀትና ኳስ የሚያነሱ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ሞኖፖድ ገዝቻለሁ፤ ራስ ያስፈልገዋል ወይ? ካስፈለገውስ የትኛው?» መልሴን ከመጀመሪያው ልናገር። ወገቡ ላይ ማሰሪያ ቀለበት ያለው ረጅም ሌንስ ለያዘ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚያዘነብለው፣ በገበያ ላይ ቲልት ሄድ የሚባለው ራስ ነው። እዚህ ማዘንበያ ራስ እለዋለሁ። በኳስ መገጣጠሚያ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው ባለ ኳሱ፣ ሌንሱን አመጣጥኖ የሚይዘው ጊምባልና የቪዲዮው ራስ፣ እንዲሁም ያለ ምንም ራስ መሥራት የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ቦታቸው ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የጠበበ ነው።

የጎደለው አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው

ካሜራ በሦስት መንገድ ይንቀሳቀሳል፦ ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ያዘነብላል፣ ከአግድም ወደ ቁም ይገለበጣል። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ መሬት ላይ ተተክሎ ስለሚቀር ሦስቱንም እንቅስቃሴ የሚጠብቀው አናቱ ላይ ከሚታሰረው ራስ ነው። ሞኖፖድ ግን አልተተከለም። ወደ ጎን መዞር ሲያስፈልግ ዘንጉ ራሱ በእጃችሁ ውስጥ ይሽከረከራል። ከአግድም ወደ ቁም ለመገልበጥ ደግሞ ረጅም ሌንሶች ወገባቸው ላይ ቀለበት አላቸው፤ ቀለበቱን ላላ አድርጎ ካሜራውን ማዞር ይበቃል። የቀረው ማዘንበል ነው።

ዘንጉን ራሱን በማጋደል ማዘንበል ይቻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ለትንሽ የከፍታ ልዩነት እውነቱን ነው። ዓሣ በል ንስር ሐይቁ ዳር ካለ ዋርካ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሌንሱን ወደ ንስሩ ለማቅናት የዘንጉ እግር ወደ ፊት ይሄዳል፣ አናቱ ወደ እናንተ ያጋድላል፤ መሬት ተሸክሞት የነበረው ክብደት ወደ ክንዳችሁ ይዞራል። ንስር ደግሞ ቶሎ አይነሣም። ግማሽ ሰዓት ሊያስጠብቅ ይችላል፤ ሲነሣም በአንድ ቅጽበት ነው። እስከዚያ ድረስ ክንዱ የዛለ ሰው ያችን ቅጽበት ያጣታል። ማዘንበያ ራስ ካለ ዘንጉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሌንሱ ብቻ ቀና ይላል፤ ክብደቱም በቦታው ይቀራል።

ባለ ኳስ ወይስ ማዘንበያ?

ብዙ ሰው ሞኖፖድ ሲገዛ ከባለ ሦስት እግሩ ላይ ባለ ኳሱን ራስ ፈትቶ ያስርበታል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር። አብዛኞቻችን ዕቃ የምናገኘው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው እጅ ስለሆነ፣ ያለውን መጠቀም ተገቢ ይመስላል። ችግሩ ያለው ኳሱ ሲላላ በሁሉም አቅጣጫ መላላቱ ላይ ነው። ወፍ ለመከተል ማጥበቂያውን ስታላሉ ሌንሱ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይወድቃል። አድማሱ ይዛባል፤ ሐይቁ በፎቶግራፉ ውስጥ ወደ አንድ ወገን የሚፈስ ይመስላል። ስታጠብቁት ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም። በመላላትና በመጥበቅ መካከል ያለችውን ትክክለኛ ቦታ በከባድ ሌንስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ኳሱን ለበራሪ ወፍ ላላ አድርጌ ሳለሁ፣ ላብ ለመጥረግ ቀኝ እጄን ከካሜራው ላይ አነሣሁ። ሌንሱ ወደ ግራ ተገለበጠ። የፊት ኮፍያው ከዘንጉ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ፤ ዘንጉን የያዘችው የግራ እጄ ሌባ ጣትም በኳሱ አንገትና በሌንሱ እግር (ከቀለበቱ ሥር ባለው ማሰሪያ) መካከል ተቆነጠጠች። ሌንሱ ራሱ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ባለ ኳስ ራስና ረጅም ሌንስ አንድ ሞኖፖድ ላይ አላገናኘሁም። ማዘንበያ ራስም ቢላላ ሌንሱ ይወድቃል፤ ነገር ግን የሚወድቀው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ፤ እጃችሁም በዚያው መስመር ላይ ነው።

ባለ ኳሱ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ይኸውም ዘጌ ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል ተሸፍኗል። ብርሃኑ ደካማ ነው፤ ብልጭታ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። ባለ ሦስት እግር መትከልም ቦታ ይዞ ምእመናንን ያውካል። ስለዚህ ካህናቱን አስፈቅዶ በሞኖፖድ መሥራት መልካም ነው። እዚህ የምትጠቀሙበት ሌንስ ግን አጭርና ሰፊ እይታ ያለው ነው፤ ቀለበት የለውም። ሥዕሎቹ ደግሞ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ስለወጡ ካሜራውን በቁም መያዝ ግድ ይላል። በአንድ መስመር ብቻ የሚንቀሳቀስ ራስ ወይ ወደ ጎን ገልብጦ በቁም ያቆምላችኋል፣ ወይ ወደ ላይ ያቀናላችኋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያደርግም። ባለ ኳሱ ሁለቱንም ያደርጋል። ማዘንበያ ራስ ብቻ ያለው ሰው በካሜራው አካል ላይ የሚታሰረውን፣ የኤል (L) ፊደል ቅርጽ ያለውን ፕሌት፣ ማለትም ራሱ ላይ የሚቆለፈውን ጠፍጣፋ ብረት ቢገዛ ችግሩ ይፈታል፦ ፕሌቱን በአጭሩ ጎን በኩል ካሰረው ካሜራው በቁም ይቆማል፤ ማዘንበሉም ለወደ ላይ እይታ ነጻ ሆኖ ይቀራል።

ማዘንበያ ራሶችም አንድ አይደሉም

መጀመሪያ የሚታየው ክብደት ነው። ማንፍሮቶ 234 የሚባለው ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲሸጥ የኖረ ቀላል ራስ ነው፤ የመሸከም አቅሙ 2.5 ኪሎ ተብሎ ተጽፏል። ለ70-200 ሚሊሜትር ሌንስና ለአንድ ካሜራ ይበቃል። አሁን ግን ብዙ የወፍ አንሺ የሚይዘውን ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ እንውሰድ፦ ወደ 1.9 ኪሎ ይመዝናል። ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ሲጨመርበት 910 ግራም ይደመራል። ድምሩ 2.8 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ከተጻፈው አቅም አለፈ ማለት ነው። እንደ ሲሩይ ኤል 10 ያለው ደግሞ 15 ኪሎ ይሸከማል ተብሎ ይሸጣል። እነዚህን ቁጥሮች ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትመኑ። አምራቾች የሚለኩበት መንገድ የተለያየ ነው። ራሱን የሚፈትነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ክብደቱ ከማዘንበያው መገጣጠሚያ ምን ያህል እንደሚርቅ ጭምር ነው። በተለይ ሲጎተት የሚረዝም ሌንስ፣ 600 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ የፊት ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በ150 ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የነበረው ዕቃ ያጎነብሳል።

ይህን ለመረዳት የእናቶቻችንን እንስራ ማሰብ ይበቃል። በትከሻ ላይ የተጫነ እንስራ ትንሽ ካጋደለ መውደቅ ይፈልጋል፤ በእጅ የተንጠለጠለ ባልዲ ግን ቢወዛወዝም ሚዛኑን ፈልጎ ይቆማል። ተራው ማዘንበያ ራስ ሌንሱን ከመገጣጠሚያው በላይ ይሸከመዋል፤ ስለዚህ እንደ እንስራው ነው፣ ሰበቃው ካልያዘው ይወድቃል። ጊምባል የሚባለው ራስ ሌንሱን ከመገጣጠሚያው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ያኖረዋል፤ በትክክል ከተመጣጠነ በአንድ ጣት ይንቀሳቀሳል፣ ሲለቁትም ባለበት ይቆማል። ሙሉ ጊምባል ለሞኖፖድ ከባድ ነው፤ ወደ ጎን የሚዞረው ክፍሉም ዘንጉ የሚሠራውን ስለሚደግም ትርፍ ነው። እንደ ዊምበርሊ ኤምኤች 100 ያሉት ግን ሌንሱን በጎን በኩል ይዘው ማዘንበሉን ብቻ የሚሰጡ፣ ለሞኖፖድ ታስበው የተሠሩ ናቸው። 500 ወይም 600 ሚሊሜትር ቋሚ ሌንስ ቢኖረኝ ገንዘቤን የማወጣው በዚህ ላይ ነበር። ከዚያ በታች ላለ ሌንስ ግን ተራው ማዘንበያ በቂ ነው።

ሁለተኛው የሚታየው ማሰሪያው ነው። ካሜራውን በብሎን ብቻ በቀጥታ የሚያስር ራስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ወፉ መጣ ሲባል ብሎን ማጥበቅ ጊዜ ይፈጃል። በፕሌት የሚቆልፈውን ምረጡ። ከሁሉም የተስፋፋው አርካ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከእርሱ ጋር የሚገጥም ፕሌት በብዙ አምራቾች ስለሚሠራ አንዱ ቢጠፋ ሌላ ማግኘት ይቀላል። የራሱን የተለየ ፕሌት ብቻ የሚቀበል ራስ ስትገዙ ግን ትርፍ ፕሌት አብራችሁ ካልያዛችሁ፣ አንዲቷ ከጀልባ ላይ ሐይቅ ውስጥ የወደቀች ቀን ራሱ ዋጋ ያጣል።

ማሰሪያው ወደ የት እንደሚከፈት ደግሞ አስተውሉ። ይህን ብዙ ሰው ገዝቶ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው የሚያውቀው። የሌንስ እግር ላይ የሚታሰር ፕሌት በሌንሱ ርዝመት ይሄዳል፤ ካሜራ ሆድ ላይ የሚታሰር ፕሌት ግን ከዚያ ጋር ተሻግሮ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ለሌንስ የተሠራ ማዘንበያ ላይ ካሜራውን በቀጥታ ብታስሩት ወደ ላይና ወደ ታች መሆኑ ቀርቶ ወደ ጎን ያጋድላል። በባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ ብሎኑን ፈትቶ ማሰሪያውን 90 ዲግሪ ማዞር የሚቻልባቸው ራሶች አሉ፤ ሌንስም ካሜራም ለማሰር ካሰባችሁ ከእነዚህ አንዱን ፈልጉ።

የብሎን ልክም አለ። የሞኖፖድ አናት 3/8 ኢንች ወይም 1/4 ኢንች ብሎን ይኖረዋል፤ ብዙዎቹ ብሎኑን ገልብጦ ሁለቱንም ለመጠቀም ያስችላሉ። ራሱ ሥር ያለው ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ 3/8 ነው። ቀዳዳውን ወደ 1/4 የሚያጠብ መቀነሻ ቀለበት ገብቶበት ከሆነ በደንብ መጥበቁን ፈትሹ።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ደግሞ ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ፦ የራሳችሁን ሌንስና ካሜራ እሰሩበት፣ 45 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብላችሁ አጥብቁት፣ እጃችሁን ከሥሩ ሳታርቁ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ቀስ እያለ የሚያጎነብስ ከሆነ ተዉት። ከዚያ አላሉትና በቀስታ ከላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ አንድ ቦታ ላይ የሚነክስ፣ ሌላ ቦታ ላይ የሚያመልጥ ከሆነም ተዉት።

ራስ የማያስፈልግበት፣ የቪዲዮ ራስ የሚያስፈልግበት

ባሕር ዳር ስታዲየም ከመስመሩ ዳር ተቀምጦ ኳስ ለሚያነሣ ሰው ራስ አስፈላጊ አይደለም። ተጫዋቾቹ በአንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ሌንሱ ከአግድም እምብዛም አይወጣም። ሌንሱን በቀጥታ ሞኖፖዱ ላይ እሰሩት፤ ዕቃው ይቀላል፣ አንድ ሊላላ የሚችል መገጣጠሚያም ይቀንሳል። ለጭንቅላት ኳስ የምትፈልጉትን ትንሽ ከፍታ ዘንጉን በማጋደል ታገኙታላችሁ።

በሐይቁ ዳር ሠርግ በቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ግን ማዘንበያ ራስ አይሆንም። እንቅስቃሴው ራሱ ይታያልና በደረቅ ሰበቃ የሚሠራ ራስ ሲነሣና ሲቆም ምስሉን ያስደነግጠዋል። በውስጡ ባለ ወፍራም ቅባት እንቅስቃሴውን የሚያለዝበውን የቪዲዮ ራስ ግዙ።

ከተገዛ በኋላ

ቁመቱን ስታስተካክሉ፣ ሌንሱ አግድም ሲሆን የካሜራው መመልከቻ ከዓይናችሁ ጥቂት ጣት ከፍ ይበል። ሌንሱ ወደ ላይ ቀና ሲል መመልከቻው ወደ ታች ይወርዳልና ወገባችሁን ከመጉበጥ ታድኑታላችሁ። እግሩን ስትስቡ ወፍራሙን ክፍል አስቀድሙ፤ ቀጭኑ የታችኛው ክፍል የሚያስፈልገው ቁመት ሲጎድል ብቻ ነው።

አቋቋሙን ለማስተማር ከመቋሚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማኅሌት የቆሙትን ሊቃውንት ተመልከቱ። መቋሚያውን ከፊታቸው ጥቂት ራቅ አድርገው ይተክሉታል፤ ደገፍ ይላሉ እንጂ ሙሉ ክብደታቸውን አይጥሉበትም። በሁለት እግራቸውና በመቋሚያው ሦስት ነጥብ ላይ ቆመው ሌሊቱን ይዘልቃሉ። ሞኖፖድም እንደዚሁ ነው። የዘንጉን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት አኑሩት፣ እግሮቻችሁን በትከሻችሁ ስፋት ክፈቱ፣ ክርኖቻችሁን ወደ ጎናችሁ ሰብስቡ፣ ካሜራውን ቅንድባችሁ ላይ ደገፍ አድርጉት።

ማጥበቂያውን ከማጥበቃችሁ በፊት ሚዛኑን ፈልጉ። ራሱን አላሉት፤ አንድ እጃችሁ ሌንሱን ይዞ ሳለ ፕሌቱን በማሰሪያው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራቱት፤ አግድም ሆኖ ሲቆም ቆልፉት። ከዚያ ብቻ ሰበቃውን ጨምሩ፦ ስትለቁት እንዳይወድቅ፣ ስትገፉት እንዳይከለክል። በዚያ ጠዋት ዓሣ አጥማጁ ወፍ ሲንጠለጠል ቀኝ እጄ ካሜራው ላይ ናት፣ ግራ እጄ የሌንሱን ጀርባ ከላይ ተጭናለች። ወፉ ሲወርድ ግራ እጄ ትላላለች፣ ቀኝ እጄ የካሜራውን ጀርባ ወደ ላይ ታነሣለች፤ አፍንጫው ወደ ውኃው ይከተላል። ለዚህ 1/1600 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ የሹተር ፍጥነት እጠቀማለሁ። በዚህ ፍጥነት የእጅ መንቀጥቀጥ አያሳስብም፤ የሞኖፖዱ ጥቅም ክንድን ማሳረፉ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠ ንስር ግን በ400 ሚሊሜትር 1/400 ያስፈልገው የነበረውን ወደ 1/100 ማውረድ ይቻላል። የሌንሱን መንቀጥቀጥ መከላከያ አታጥፉት፤ ወደ ጎን የሚበርረውን ስትከተሉ፣ መከላከያው ሞድ 2 የሚል ምርጫ ካለው በዚያ ላይ አድርጉት።

ዘንጉን ደጋግማችሁ ወደ ግራና ቀኝ ስታዞሩ ራሱ ከዘንጉ ላይ ቀስ በቀስ ይፈታል። በየግማሽ ሰዓቱ በእጃችሁ ፈትሹት። ከሥሩ ትንሽ መቆለፊያ ብሎን ያለው ራስ ከሆነ እሷን ማጥበቅ አትርሱ። ከቦታ ቦታ ስትሄዱ ሞኖፖዱን ትከሻችሁ ላይ አጋድማችሁ፣ ሌንሱ ከኋላችሁ ተንጠልጥሎ አትሂዱ፤ ራሱን አጥብቁና ከፊታችሁ ያዙት።

ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ስትሄዱ የዘንጉን እግር ጀልባው ወለል ላይ አታኑሩት፤ የሞተሩ ንዝረት በዘንጉ አልፎ ቀጥታ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። ጫማችሁ ላይ ወይም የታጠፈ ጃኬት ላይ አኑሩት፤ ሲቻል ባለ ጀልባውን ሞተሩን ለአፍታ እንዲያጠፋ ጠይቁት። ጉማሬ ባለበት ግን ሞተር አስጠፍታችሁ አትቅረቡ። ለጀልባ ጠዋቱ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ማንኛውንም ራስ ያሸንፋል።

በክረምት የሐይቁ ዳር ጭቃ ነው፤ የዘንጉ ጫፍ ይሰምጣል፣ ቁመታችሁም ሳታውቁት ይቀንሳል። የሣጥን ክዳን ወይም ጠፍጣፋ ጣውላ ይዛችሁ ከሥሩ አንጥፉ። ቤት ስትመለሱ የታችኛውን ክፍል ፈታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡት፤ ደለሉ መቆለፊያው ውስጥ ከደረቀ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ማዘንበያ ራሱን ግን በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ ዘይትም ቅባትም አታስነኩት። ሌንሳችሁን ይዞ የሚያቆመው ሰበቃው ነውና።